ስልካችሁ ላይ የጀመራችሁትን ስንት መጽሐፍ ጨረሳችሁ?

ጥያቄዋን የጻፍኩት አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። ስልኬ ሞልቶ ፎቶ አላነሳ ሲለኝ የሚጠፋ ነገር ፍለጋ ገባሁ። 212 የአማርኛ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ተከማችቷል። ሁሉም ከቴሌግራም የወረዱ ናቸው። ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት ሦስቱን ብቻ ነው። ልጅ ሳለሁ ተከራይቼ ያመጣሁትን መጽሐፍ በሁለት ሌሊት ጨርሼ የምመልስ ሰው ነበርኩ። ነገሩ አስደነገጠኝ፣ አሳዘነኝም። የአማርኛ መጽሐፍ ወዳጆች ወደሚሰባሰቡበት መድረክ ሄጄ ጠየቅኩ። ስልካችሁ ላይ ከጀመራችሁት ውስጥ ስንቱን ጨረሳችሁ? ካልጨረሳችሁስ ለምን ይመስላችኋል?

አሥር ሰው ቢመልስልኝ ይበቃኛል ብዬ ነበር። በአራት ቀን 46 ምላሽ መጣ። ክሩን፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተደረደሩትን ምላሾች፣ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የተባለው ነገር ተውጦ እንዳይቀር በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው።

በ1ኛው ምላሽ የመጣችው አንባቢ አመስግናኝ የራሷን ቆጥራ ነገረችኝ። ስልኳ ላይ 60 አካባቢ አላት፣ የጨረሰችው 5 ነው። ጥፋቱን የሰጠችው መልእክት ሲገባ ጭል ለሚለው ማሳወቂያ ነው። ከ2 እስከ 4 ያሉት ስለ ወረቀት ሽታ፣ ገጽ ሲገለጥ ስለሚሰማው ድምፅ፣ መጽሐፍ ደረት ላይ አድርጎ ስለ መተኛት ጻፉ። ሁሉንም እወደዋለሁ። ግን ሽታው ስለሌለ ነው ያልጨረስኩት ብዬ ራሴን ማሳመን አልቻልኩም። ልጅ ሆኜ የምከራያቸው መጻሕፍት ሽታቸው ጥሩ አልነበረም፤ የብዙ ሰው እጅ ያረፈባቸው፣ ሽፋናቸው በፕላስተር የተያያዘ ነበሩ።

5ኛው ምላሽ ሁላችንንም ነቀነቀን። የደሴ ልጅ ነው፣ ተማሪ። በሁለት ዓመት ከ40 በላይ መጽሐፍ ስልኩ ላይ ጨርሷል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ያነባል፣ ካፌ ውስጥ ሰው ሲጠብቅ ያነባል፣ መብራት ሲጠፋማ የበለጠ ያነባል። ዘዴው ቀላል ነው። ዳታውን ያጠፋል። በአንድ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ብቻ ስልኩ ላይ ያስቀምጣል፤ እሱን ሳይጨርስ ሌላ አያወርድም። እኔ 212 ይዤ የትኛውንም ያልያዝኩ መሆኔ የገባኝ ይህን ሳነብ ነው። 6 እና 7 ስለ ዓይን ድካምና ስለ ስክሪን ብርሃን ተመካክረው አለፉ።

8ኛው መላሽ ወረቀት እንደሚበልጥ ሳይንስ ስላረጋገጠ ክርክሩ ማብቃት አለበት የሚል አቋም ይዞ መጣ። 54 ጥናቶችን፣ ከ170,000 በላይ አንባቢዎችን አንድ ላይ የመዘነ፣ በፈረንጆቹ 2018 የወጣ ሥራ ጠቀሰ። 9ኛዋ በትሕትና አረመችው። ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፣ ጽሑፉንም ታውቀዋለች። ግማሹን ትተኸዋል ነው ነገሩ። በወረቀት ያነበቡት የተሻለ የተረዱት መረጃ ሰጪ ጽሑፍ ሲሆን ነው። ትረካ ሲሆን ግን ያን ያህል ልዩነት አልታየም። ልዩነቱ ጎላ የሚለው ደግሞ አንባቢው በሰዓት ሲጣደፍ ነው። ስለዚህ ለፈተና የሚያጠና ልጅ ወረቀት ቢመርጥ ታበረታታዋለች፤ ልብ ወለድ የሚያነብን ሰው ግን ስልክህን ጣል አትለውም። 8ኛው ተመልሶ በ10 አመሰገናት። እንዲህ ያለ መተራረም ደስ ይላል።

ነገሩ ወደ እኛ ጉዳይ የወረደው በ11ኛው ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ነው። ኪንድል የሚባለው የአማዞን የመጽሐፍ ማንበቢያ በፈረንጆቹ 2007 ከወጣ ወዲህ ብዙ ዓይነት ያላቸው፣ በኤሌክትሮኒክ ቀለም የሚሠሩ ማንበቢያዎች አሉ። ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች ናቸው ፊደሉን የሚሠሩት፤ ገጹ እንደ ወረቀት የክፍሉን ብርሃን መልሶ ያሳያል እንጂ ዓይን ላይ አያበራም። ባትሪ የሚበላውም በአብዛኛው ገጽ ሲቀየር ነው። እሱም አንድ ገዝቷል። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲከፍትበት ፊደሉን ያተልቃል፣ መስመሩ ራሱን ያስተካክላል፣ ቃል ይፈልጋል። ናፍቆቱን ሊያስታግስ የአማርኛውን ሲጭንበት ግን የሚያገኘው የገጽ ፎቶ ነው። ሲያተልቀው ከስክሪኑ ይወጣል። አንድ መስመር ለማንበብ ወደ ቀኝ ይጎትታል፣ ቀጣዩን ለመጀመር ወደ ግራ ይመልሳል። በየገጹ ሠላሳ ጊዜ። አንድ ምዕራፍ ላይ እጁም ልቡም ይደክማል። የፊደላችንን ነገር አስቡት። 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ ሉን ከሊ የሚለየው ጎኑ ላይ ያለች አንዲት ጭረት ያረፈችበት ቦታ ነው። ደብዛዛ ስካን ላይ እሷ ከጠፋች ገምቶ ማንበብ ነው።

ይህን ሳነብ መልሴን ያገኘሁ መሰለኝ። ያልጨረስኳቸውን ፋይሎች እንደገና ከፈትኳቸው። ሁሉም ለማለት ይቻላል ስካን ናቸው። ገጹ የተጣመመ አለ፣ የያዘው ሰው አውራ ጣት የገባበት አለ፣ ከመሃል አሥር ገጽ የጎደለው አለ። የጨረስኳቸው ሦስቱስ? ሦስቱም የገጽ ፎቶ ሳይሆኑ በእውነተኛ፣ በተተየበ ጽሑፍ የተዘጋጁ ነበሩ።

12ኛውን ምላሽ ቢቻል ሁሉም ሰው ቢያነበው እመኛለሁ። የጻፈችው ለብዙ ዓመታት ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ስትተይብ የኖረች ሴት ናት። እኔ የአማርኛ መጻሕፍት ሁሉ ድሮ ኮምፒውተር ላይ ስላልተጻፉ ስካን የሚደረጉ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት የታተሙት አብዛኞቹ ኮምፒውተር ላይ ነው የተተየቡት። ችግሩ ፊደሉ በምን ተጻፈ የሚለው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ለየፊደሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የቁጥር ሥርዓት ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ይደራርቡት ነበር። ስክሪኑ ላይ ለ ይታያል፣ ኮምፒውተሩ ግን ለ መሆኑን አያውቅም፤ ለእሱ አንድ የፈረንጅ ምልክት ነው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ሁሉም ነገር ዝብርቅርቅ ይላል። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ብዙ ማተሚያ ቤቶች ለዓመታት በለመዱት ቀጠሉ። ለወረቀት ልዩነት ስለሌለው ማንም አላስገደዳቸውም። መጽሐፉ ታተመ፣ ተሸጠ፣ ፋይሉ በሲዲ ላይ ቀረ። ሲዲው ተቧጨረ፣ ኮምፒውተሩ ተጣለ። እሷ ራሷ የተየበቻቸው ከ100 በላይ መጻሕፍት ፋይላቸው የት እንዳለ አታውቅም። ዛሬ የእነዚያኑ መጻሕፍት የተጣመመ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ስታይ ምን እንደሚሰማት ጽፋለች። በሁለት እጇ ፊደል በፊደል የለቀመችው ነገር ነው።

ከ13 እስከ 17 ያለው ከመንገድ ወጣ። ግን የወጣበት መንገድ የኛው ነው። 13ኛው እውነተኛ ጽሑፍ የሆነ መጽሐፍ ውስጥ ፀሐይ የሚለውን ቃል ፈልጎ አጣ፤ ደራሲው በጸ ነበር የጻፈው። 14ኛው ይህን ይዞ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ይቀነሱ የሚለውን የቆየ ሐሳብ አነሳ። 15ኛው ተቆጣ። ሠረቀ ወጣ ማለት ነው፣ ሰረቀ ደግሞ የሌባ ሥራ ነው፤ ሠዓሊና ሰአሊም አይገናኙም፤ ፊደል የሚቀንስ ሰው የአያቱን ቤት ምሰሶ እየነቀለ ነው የሚል መንፈስ ያለው ረጅም ጽሑፍ ለቀቀ። 16ኛው ያ የግዕዝ ሕግ እንጂ የአማርኛ አለመሆኑን መለሰ፣ ቃላቱም ሻከሩ። 17ኛዋ ነገሩን በሁለት መስመር ፈታችው። የጽሑፉን ፊደል ማንም ሳይነካ፣ ፍለጋው ብቻ ሀን ሐንና ኀን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ይቻላል። ሥራው የሶፍትዌር ሠሪ ነው። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።

18ኛው ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው። ዓይኑ መንገድ ላይ፣ ጆሮው መጽሐፍ ላይ ነው። በዓመት ውስጥ ከዩቲዩብ ትረካ የሰማውን በወጣትነቱ በአሥር ዓመት አላነበበም። 19ኛው መስማት ማንበብ አይደለም በማለት አጭር ነገር ጥሎበት ሄደ። ለዚህ በ20 መልስ የሰጡት ሽማግሌ ናቸው። ሁሉም ሰው ከዚያ በኋላ አባባ እያለ ነው የጠቀሳቸው። እሳቸው ፊደል የቆጠሩት የኔታ ዘንድ ነው። ግዕዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያሉ ነው ዳዊት የደገሙት። ሁሉም በድምፅ ነው። ሕፃኑ ያነባል፣ የኔታ ያደምጣሉ፣ ስሕተት ከሰሙ ያርማሉ። ዝም ብሎ በዓይን ማንበብን ያዩት ከተማ ከገቡ በኋላ ነው። ስለዚህ በጆሮ የሚገባን መጽሐፍ ከንባብ ማስወጣት ለእሳቸው ከባድ ነው። አባባ ሌላም ነገር ጨመሩ። ከ1973 ጀምሮ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነስተዋል። ቅጂያቸው አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ያለው የእጅ ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ ብዙዎቹም ዛሬ በኢንተርኔት ይታያሉ። የብራናው ገጽ እንዲህ ጥርት ብሎ እየታየ በ1980ዎቹ የታተመ ልብ ወለድ ግን በአውራ ጣት ጥላ ውስጥ መነበቡ ያንገበግባቸዋል።

ከ21 እስከ 23 ስለ ሬዲዮ ነው። ከመጻሕፍት ዓለም የሚለው ዝግጅት ሲጀመር ጎረቤት እንዴት ዝም ይል እንደነበር፣ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ እናታቸው እንዴት እንባቸውን በነጠላ ጫፍ ይጠርጉ እንደነበር አወሩ። ከዚያ ስለ ቡና አወሩ። አላቋረጥኳቸውም።

24ኛው ሲመጣ አየሩ ተለወጠ። ደራሲ ነው። ስሙን አልጻፈም፣ እኔም ለማወቅ አልሞከርኩም። አንድ ልብ ወለድ ስድስት ዓመት ጻፈ። ለማሳተሚያ ተበደረ። መጽሐፉ ገበያ ከወጣ በሁለት ሳምንቱ ስካኑ ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ። የወረደበትን ቁጥር ሲያይ ካሳተመው ቅጂ ይበልጣል። ዕዳውን ሳይከፍል ዓመት አለፈው። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም አዘንን። ከዚያ ግን ፒዲኤፍ የሚያነብን ሁሉ ሌባ አደረገ፤ ክሩን የከፈትኩትን እኔንም፣ 212 ዕቃ ሰርቆ ለምን እንዳልተጠቀመበት እንደሚያማክር ሰው ቆጠረኝ። ስድብ ነው፣ ግን ውስጡ እውነት አለበት። ከዚያ ቀን በኋላ 212ቱ ያሉበትን ማኅደር እንደ ድሮው ልከፍተው አልቻልኩም።

25ኛው ተማሪ ነው። በእርስዎ ጀምሮ አጋማሹ ላይ ወደ አንተ ወረደ። የመጽሐፍ ዋጋ የስንት ቀን ምሳው እንደሆነ ቆጠረ። ደራሲው በ26 እሱም አንተ ብሎ መለሰ፤ ዳቦም ውድ ነው፣ ዳቦ ቤት ገብተህ ግን አትሰርቅም የሚል ነገር። በ27 አንድ ሰው ሁለቱንም ተዉ ብሎ ለመነ። ማን ይስማው።

28ኛዋ ከኩዌት ነው የጻፈችው። ሰው ቤት ትሠራለች። ፊደሏን እየገደፈች፣ ቸኩላ ነው የጻፈችው። ከሀገር ስትወጣ ሻንጣዋ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ነበር፣ እሱንም ደጋግማ አንብባ ጨርሳዋለች። እዚያ የአማርኛ መጽሐፍ የት እንደሚሸጥ አታውቅም፤ ብታውቅም ከቤት የምትወጣበት ቀን የላትም። ሌሊት ሥራ ስትጨርስ የስልኳን ብርሃን ዝቅ አድርጋ ብርድ ልብስ ውስጥ ታነባለች። ያንን ስካን ወደ ቀኝ ወደ ግራ እየጎተተች፣ አንድ መጽሐፍ በወር ትጨርሳለች። የዚህን ደራሲ መጽሐፍም አንብባዋለች፣ ወዳዋለች። ያለ ምንም ቁጣ አንድ ነገር ጠየቀችው። ለማን፣ በየት በኩል፣ ስንት ልትከፍል ትችል ነበር?

29 እና 30 ከልብ አመሰገኗት። ደራሲው አንድ ሙሉ ቀን ዝም አለ። በ31 ተመለሰ። እህቴ ብሎ ጀመረ። የምትከፍልበት ቦታ እንዳልነበረ አመነ። ፋይሉ እጁ ላይ አለ፣ በዩኒኮድ የተተየበ፣ ፊደሉ የሚተልቅ። ለመሸጥ አስቦ አያውቅም ነበር፤ ፋይል ከሰጠ ይሰረቃል ብሎ ፈርቶ ነው። ግን ስካኑ እንደሆነ ቀድሞ ወጥቷል። ለእሷ በነጻ ሊልክላት ፈለገ። እሷ በ32 እንቢ አለች። አዲስ አበባ ያለ ወንድሟ በቴሌብር 100 ብር ላከለት፣ ፋይሉም ደረሳት። እኔም በማግስቱ ከፍዬ ወሰድኩ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጨርሻለሁ፣ ጥሩ መጽሐፍ ነው።

33ኛው የሕግ ሰው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ሥራውን እንደሚጠብቅ አስረዳ። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ስለሆነ የእሳቸው መጻሕፍት ገና ለረጅም ጊዜ የቤተሰብ መብት አላቸው። 34ኛው ደግሞ የተገዛ ዲጂታል መጽሐፍ ጨርሶ የራስ እንዳልሆነ አስጠነቀቀ። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2009 አማዞን የእንግሊዛዊውን ደራሲ የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት ከገዢዎች ኪንድል ላይ በርቀት አጥፍቶ ነበር፤ ያሰራጨው ወገን መብት አልነበረውም። ድርጅቱ ገንዘቡን መለሰ፣ ይቅርታም ጠየቀ። 35ኛው ስለ ባትሪ ጠየቀ፣ ማንም አልመለሰለትም።

36ኛው ዓይነ ስውር ነው፣ መምህር። ክሩን በሙሉ ስልኩ እያነበበለት አዳመጠ። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እንደዚሁ እያዳመጠ ነው ዲግሪውን የያዘው። ስካን ለእሱ ምንም ነው። ስልኩ ፎቶ መሆኑን ብቻ ነግሮት ዝም ይላል። የእኔ 212 ፋይል ለእሱ ቢላክለት አብዛኛው ባዶ ወረቀት ነው። ስለ ወረቀት ሽታ የጻፍነውን ሁሉ በትዕግሥት ነበር ያዳመጠው። በፈረንጆቹ 2013 ማራካሽ ላይ የተፈረመውን ስምምነት ጠቀሰ። ለማየት ለሚቸገሩ አንባቢዎች መጽሐፍን በሚመቻቸው መልክ ማዘጋጀት እንዲቻል መንገድ ይከፍታል፤ ኢትዮጵያም ገብታበታለች። የጎደለው የሚተይብ ሰው ነው።

ትየባ የምታውቀዋ፣ 12ኛዋ፣ በ37 ተመለሰች። እጇ አሁንም ፈጣን ነው፤ ልተይብ አለች። በ38 የሕጉ ሰው የመብት ጥያቄ የሌለበት መጽሐፍ ፈለገ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ያረፉት በፈረንጆቹ 1947 ነው፤ 50 ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል። በፈረንጆቹ 1908 ሮም ላይ ያሳተሙት፣ የአማርኛ የመጀመሪያ ልብ ወለድ የሚባለውና በኋላ ጦቢያ ተብሎ የታወቀው ልብ ወለድ ታሪክ ተመረጠ። በ39 የደሴው ልጅ አምስት ገጽ ወሰደ። ደራሲው አሥር ወሰደ። ባለ ታክሲው ለመተየብ ጊዜ ስለሌለው በሥራው መሃል ቆም ሲል ጮክ ብሎ ሊያነብና የተተየበውን ሊያመሳክር ቃል ገባ። እኔም አምስት ወሰድኩ።

በ43 ያ የፊደል ጠብ ተመልሶ ሊነሳ ነበር። የትኛውን ሀ እንጻፍ? ደግነቱ 15ኛውና 16ኛው ራሳቸው ተስማሙ። አፈወርቅ እንደጻፉት፣ ምንም ሳይነካ።

46ኛው ትናንት ማታ ነው የገባው። መምህሩ ነው። የተተየቡትን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾች ስልኩ አነበበለት። በየቃሉ መሃል ያለችው ሁለት ነጥብ ላይ እየተደናቀፈ ስላስቸገረው፣ ለእሱ በሚላከው ቅጂ በክፍት ቦታ ብትተካ ጠየቀ። ተስማምተናል። ከገጽ 31 እስከ 35 ያለውን ገና ሰው አልወሰደውም።